በአባቱ ደጅ የተኛው ልጅ፤ ስለ ገብረ ክርስቶስ ታሪክና ነውር ስለሚባለው ደዌ የቀረበ ሂስ

የገብረ ክርስቶስ ታሪክ በአገራችን እጅግ ከታወቁት የቅዱሳን ታሪኮች አንዱ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት 14 ቀን በስንክሳር ይነበባል፤ ገድሉም በልዩ ልዩ ቅጂ ተጽፎ ይገኛል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ የግዕዙን ትረካዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ከነትርጕማቸው አሳትሟቸዋል። ታሪኩን የሚተርኩትም ሆኑ የሚያጠኑት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኵሩት በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም የንጉሥ ልጅ ዓለምን ንቆ መከራን መታገሡ ነው። ይህ አነባበብ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ያነባል። የገብረ ክርስቶስ ታሪክ የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤት ታሪክም ነው። የሕመምተኛውን ትዕግሥት እያደነቅን ቤቱን ሳንመረምር ማለፋችን የአነባበብ ጕድለት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሥጋ ደዌን፣ በኋላም ኤች አይ ቪን የተመለከትነው በዚሁ ዓይን ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ነው።

ነውር የሚባል ደዌ ስንል፣ አካልን ከመጕዳቱ በላይ ስምን የሚያጠፋውን፣ ከበሽተኛውም አልፎ በእናቱ፣ በወንድሙና በልጁ ላይ የሚነገረውን በሽታ ማለታችን ነው።

፩. ታሪኩ

ትረካው በአጭሩ እንዲህ ነው። ገብረ ክርስቶስ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ብዙ ዘመን ልጅ አጥተው በጸሎት ያገኙት ነው። ለአካለ መጠን በደረሰ ጊዜ የሮም ንጉሥ ልጅ ታጨችለት። በሠርጉ ሌሊት ግን ሙሽራዪቱን ተሰናብቶ ከቤተ መንግሥት ወጣ፤ ወደ አርማንያም ሄዶ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ከነዳያን ጋራ 15 ዓመት ተቀመጠ። አባቱ እንዲፈልጉት የላካቸው አገልጋዮች ምጽዋት ሰጥተውት ሲያልፉ አላወቁትም። በኋላ ክብሩ ሊገለጥ ሲል ከዚያ ሸሸ፤ መርከቡም ወደ አባቱ አገር አደረሰው። አባቱን ለምኖ በደጁ እንዲቀመጥ ተፈቀደለትና ሌላ 15 ዓመት በዚያ ኖረ። መልኩ ተለውጦ ነበርና አባቱም እናቱም ሚስቱም አላወቁትም። አገልጋዮቹ ይሰድቡት፣ የዕቃ እጣቢ ይደፉበት ነበር፤ ውሾች ግን ቍስሉን ይልሱለት ነበር። ማንነቱ የታወቀው ከሞተ በኋላ፣ በእጁ ይዞት ከተገኘው ጽሑፍ ነው።

ይህ ታሪክ በምዕራብ አገሮች የቅዱስ አሌክሲስ ታሪክ ተብሎ ይታወቃል። በላቲኑ ትረካ አሌክሲስ በሮም በአባቱ ቤት ደረጃ ሥር የሚተኛ ድኻ ነው፤ እንዳይታወቅ የሚያደርገውም ድኽነቱና ጕስቍልናው ነው። የእኛ አገር ትረካና ሥዕል ግን ቍስሉን ወደ ፊት አምጥቶታል። ገብረ ክርስቶስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን አማላጅ ተደርጎ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ በአዲስ አበባም ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ ከሥጋ ደዌው ሆስፒታል አቅራቢያ ያለው ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ሕዝባችን ከውጭ የመጣውን ታሪክ ሲቀበል ከራሱ ኑሮ የሚያውቀውን ነገር አግኝቶበታል ማለት ነው፤ ይኸውም በሽታ ልጅን ከቤቱ ሰዎች ዓይን ሊሰውረው መቻሉ ነው።

፪. ቤቱ

በዚህ ትረካ ውስጥ ያለውን ቤት በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው ሦስት ነገር ያገኛል።

አንደኛ፤ ቤቱ ጨካኝ ቤት አይደለም። አባትየው ለማያውቀው ሕመምተኛ በደጁ ማረፊያ ፈቅዶለታል። ይህ ቸርነት ነው፤ ነገር ግን ቸርነቱ ከደጁ አላለፈም። ምጽዋት የተራበን ቢያጠግብም፣ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ያለውን ርቀት ሊጠብቅም ይችላል። ለሕመምተኛ በየቀኑ ምግብ እየላከ አንድም ቀን «ግባ» የማይለው ቤት፣ ራሱን ቸር እያለ ሊኖር ይችላል። ነውር በሚባል ደዌ ምክንያት የሚደረገው መለየት ብዙውን ጊዜ በዱላና በስድብ የሚፈጸም አይደለም፤ ለብቻ በተሰጠ ሳሕን፣ ለብቻ በተነጠፈ መደብ፣ «ይረፍበት» በሚል መልካም ቃል ይፈጸማል።

ሁለተኛ፤ ሕመምተኛውን በየቀኑ የሚያየው ጌታው ሳይሆን አገልጋዩ ነው። እጣቢውን የደፋው አገልጋይ ነውና ትረካው ጥፋቱን በእርሱ ላይ ያሳርፈዋል፤ አድማጭም አገልጋዩን ረግሞ ጌታውን ያዝንለታል። ነገር ግን አገልጋይ በጌታው ደጅ የሚያደርገው፣ ጌታው የማይከለክለውን ነው። በየቤታችንም እንዲሁ ነው። የሕመምተኛው ነገር በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ በትልቋ ሴት ልጅ፣ በአያት ወይም በቤት ሠራተኛ ላይ። የቀሩት በገንዘብ ረዳን ይላሉ። ያች አንዲት ሰው ስትደክምና ስትቈጣ ግን የቤቱ ክፋት ሁሉ የእርሷ ብቻ መስሎ ይታያል።

ሦስተኛ፤ ቤቱ ራሱ ሐዘንተኛ ነው። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነጥብ ነው። እናትና አባት የጠፋውን ልጃቸውን እያለቀሱ ይኖራሉ፤ ልጁ ግን በደጃቸው ነው። ሚስቱም ባሏ ሳይሞት እንደ መበለት ትኖራለች። ስለዚህ ደጁ የሚከለክለው አንዱን ወገን ብቻ አይደለም። ውጭ ያለው ቤቱን አጥቷል፤ ውስጥ ያሉትም ልጃቸውን አጥተዋል። የመለየት ዋጋ በለየውም ላይ የሚደርስ መሆኑን ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ በሥነ ጽሑፋችን ማግኘት ያስቸግራል።

ምናልባት «ራሱን የሰወረው ልጁ ነው፤ ቤተ ሰቡ ባላወቀው ነገር ለምን ይከሰሳል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ገድሉም ምሥጢሩን የሚሰጠው ለጻድቁ ፈቃድ ነው። ነገር ግን ይህ መሰወር እንዴት ሊሳካ ቻለ ብለን እንጠይቅ። የወለደች እናት በ15 ዓመት ውስጥ የልጇን ድምፅ እንዳታውቅ የሚያደርጋት ምንድን ነው? ቍስለኛን ሰው ቀርቦ ፊቱን የሚያይ ስለሌለ ነው። መሰወሩ የልጁ ፈቃድ ቢሆንም መሰወሪያውን ያዘጋጀለት ሰው ሁሉ ከቍስል ዓይኑን የማዞር ልማዱ ነው። ስለዚህ ትረካው ቤቱን ባይከሰውም ይመሰክርበታል።

፫. ገበታና ዘር

ይህን ደጅ ተረትና ምሳሌያችን በሌላ መልክ ያውቀዋል። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ያልሰማ የለም። ዛሬ የሚነገረው መጠኑን ያለፈን ሰው ለመገሠጽ ነው፤ ተናጋሪውም ስለ ሥጋ ደዌ አያስብም። ቢሆንም የቃሉ ሥዕል ግልጽ ነው፤ ሰውየው የሚከለከልበት ቦታ ገበታ ነው፤ የሚከለከልበትም መሣሪያ ስሙ ነው። በአገራችን ቤተ ሰብነት ከሚታወቅባቸው ነገሮች ዋነኛው ከአንድ ገበታ መቍረስ ስለ ሆነ፣ ከገበታ የተለየ ሰው ከቤተ ሰብነት ተለየ ማለት ነው። ምሳሌው ስለ ሕክምና ምንም ባይናገርም፣ ልጅ ከአፉ ሲቀበለው የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ሕመምተኛን በበሽታው ስም መጥራት ጥንቃቄ እንጂ ነውር አለመሆኑን ነው።

የሕክምና ትምህርት የሚለው ከዚህ የተለየ ነው። የበሽታውን ተሐዋሲ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘው ወዲህ ሥጋ ደዌ እርግማንም የዘር ጕዳይም አለመሆኑ ታውቋል። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፤ አብሮ በመብላት ወይም እጅ በመጨባበጥ አይተላለፍም፤ ሕመምተኛውም መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀው የተጣመረ መድኃኒት እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈውሳል።

ታዲያ «የዘር ነው» የሚለው እምነት ስለ ምን እንዲህ ጸና? ሕዝቡ አላዋቂ ስለ ሆነ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ተሐዋሲው እጅግ ቀስ ብሎ የሚራባ ስለ ሆነ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመት ይፈጃል። ይበልጥ የሚጋለጡትም ከሕመምተኛው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ብዙ ዘመን የኖሩት ናቸው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው በአባት ያየውን ደዌ ከዓመታት በኋላ በልጅ ላይ ሲያይ፣ ያየው እውነት ነው፤ የደመደመው ግን ስሕተት ነው። አብሮ መኖርን ከአብሮ መወለድ ለመለየት የሚያስችል መሣሪያ አልነበረውም።

የዚህ ድምዳሜ ዋጋ ግን የሚከፈለው በቤተ ሰብ ነው። ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ዘር በሚጠየቅበት አገር «በዘራቸው አለባቸው» የተባለ ቤት ሴት ልጁን አይድርም፤ ወንድ ልጁም ሚስት አያገኝም። እንግዲህ አባት የታመመውን ልጁን ቢደብቅ ልጁን ስለ ጠላው ላይሆን ይችላል፤ የቀሩትን አራት ልጆቹን ለማዳን ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓይነት ነውር ፍቅርን በፍቅር ላይ ያስነሣል፤ የአንዱ ልጅ መዳን የሌላው መውደቅ ይመስላል። በሽተኛው በጊዜ ቢታከም ምንም ጠባሳ ሳይኖርበት ይድን ነበር፤ ተደብቆ ሲቈይ ግን ነርቩ ይሞታል፣ ጣቱ ይቈስላል፣ በመጨረሻም የተፈራው ነገር በገሃድ ይታያል። ቤቱ ለመሸሸግ ያደረገው ጥረት ራሱ ምስክር ሆኖ ይወጣበታል።

ሕጋችንም ይህን ፍርሃት ተቀብሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥጋ ደዌን በስሙ ጠርቶ፣ የትዳር ጓደኛው ሥጋ ደዌ ያለበት መሆኑን ሳያውቅ ያገባ ሰው ጋብቻው እንዲፈርስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የበሽታውን ስም አስወግዶ፣ በማይድን ወይም በዘር ወደ ተወላጆች በሚተላለፍ በሽታ መያዝን ተካበት። ይህ ትልቅ እርምት ነው፤ ሥጋ ደዌ የሚድን ነው፣ በዘርም አይተላለፍምና ከሁለቱም ወጥቷል። ነገር ግን «የማይድን» እና «የዘር» የሚሉት ሁለት ቃላት የጥንቱ ፍርሃት ሁለት ዓምዶች እንደ ነበሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስሙ ተነሥቷል፤ ደጁ ግን ባለበት አለ።

፬. ያው ደጅ በሌላ ደዌ

በዘነበወርቅ ያለው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማቋቋሚያ ሆኖ ዓለርት ተባለ። ኋላም ይኸው ግቢ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ብዙ ሰዎች የሚታከሙበት ቦታ ሆኗል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ግቢ መገናኘታቸው ስለ ሁለቱ በአንድነት ለማሰብ ይጋብዛል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ይህ ደዌ ከሥጋ ደዌ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሥጋ ደዌ የተጠረጠረው በዘር ሲሆን ኤች አይ ቪ የተጠረጠረው በጠባይ ነው። ስለዚህ ነውሩ ቤቱን የሚከፍለው በሌላ መስመር ነው። በሥጋ ደዌ ቤቱ በሙሉ በአንድነት ሲሸሸግ፣ በኤች አይ ቪ ባልና ሚስት «ማን አመጣው?» በሚል ጥያቄ እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ። ሴቲቱ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ደሟን አስቀድማ ስለምትመረመር፣ አስቀድማ ያወቀችው አስቀድማ እንዳመጣችው ይቈጠራል። ማወቅ ራሱ ጥፋት ይሆንባታል።

መድኃኒቱ ባልነበረበት ዘመን በብዙ የልቅሶ ቤት ሟቹ በሳንባ በሽታ ወይም በሌላ ሕመም እንደ ሞተ ይነገር ነበር። የሞቱን ምክንያት ማንም አያነሣም፤ ልጆቹ ግን ከሰው ዓይን ያነቡታል። እናታቸውን ያስታመሙ ሕፃናት፣ የልጆቻቸውን ልጆች እንደ ገና ማሳደግ የጀመሩ አያቶች፣ ወላጅ ከሞተ በኋላ ስለ ቤትና ንብረት ከዘመድ ጋራ የተሟገቱ ወጣቶች የዚያ ዘመን ትዝታዎች ናቸው። ብዙ ሕሙማን ደግሞ ቤታቸውን ትተው በእንጦጦ ጠበሉ አጠገብ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። እዚያ የሄዱት በእምነት ነው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በቤታቸው ያላገኙትን አንድ ነገርም በዚያ አግኝተዋል፤ ከሚመስላቸው ሰው ጋራ ሳይሸማቀቁ መቀመጥን። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ የሚያስገድደውን ጭንቀት አቃልሏል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበረው የሕዝብ ትምህርትም ሊመረመር ይገባዋል። ያተኰረው በሞት ፍርሃት ላይ ነበር፤ የሚናገረውም ገና ላልተያዘው ሰው «ተጠንቀቅ» እያለ ነበር። ከተያዘው ሰው ጋራ በአንድ ቤት ለሚኖረው ግን የሚነግረው ጥቂት ነበር። የተያዙት ሰዎች ራሳቸው በማኅበር ተሰብስበው፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1998 በተቋቋመው ተስፋ ጎህ አማካይነት፣ ፊታቸውን ለሕዝብ እስኪያሳዩ ድረስ ትምህርቱ ሰው አልነበረውም። ብዙ ዕድሮችም ለቀብር ብቻ የነበረውን ደንባቸውን አስፍተው ሕመምተኛን በሕይወቱ ሳለ መርዳት ጀመሩ። ይህ የዕድሮች ለውጥ ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ ጎረቤት ከቀብር በፊት ወደ ቤት እንዲገባ አድርጓልና።

፭. መድኃኒት ብቻ ይበቃልን?

ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም፤ የምትታከም እናትም ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱ ሲስፋፋ ነውሩ በራሱ ይጠፋል ይላሉ። ተስፋው መልካም ነው፤ የሥጋ ደዌ ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርም። ሥጋ ደዌ ፈጽሞ የሚድን ከሆነ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም የዳነ ሰው ልጅ ሰፈሩን ሲጠየቅ ዛሬም ሊያመነታ ይችላል። በሽታው ከሰውየው ወጥቷል፤ ከቤቱ ስም ግን አልወጣም። መድኃኒት ተሐዋሲን ይገድላል እንጂ ገበታን አይመልስም።

ይህ የቤተ ሰብ ጕዳት እውነተኛ ጕዳት ነውን፤ ወይስ ስሜት ብቻ? ለዚህ በሌላ አገር ፍርድ ቤት መልስ ተሰጥቶበታል። ጃፓን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በግድ ለይታ የምታስቀምጥበትን ሕግ የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከዚያ በኋላ የሕሙማኑ ቤተ ሰቦች በራሳቸው ስም መንግሥትን ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የኩማሞቶ ፍርድ ቤት መንግሥት ለቤተ ሰቦቹም ኀላፊ ነው ብሎ ፈረደ፤ በዚያው ዓመትም የካሣ ሕግ ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2010 በተቀበለው ውሳኔ ሕሙማኑን ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰባቸውን አባሎች ጨምሮ ጠቅሷል። እንግዲህ ሕግ አውጪዎችና ዳኞች ከደጁ በስተውስጥ ያለውን ሐዘን ሊያዩት ከቻሉ፣ ተመራማሪ ሊያየው የማይችልበት ምክንያት የለም።

፮. ለተማሪ የሚቀር ሥራ

ስለ መገለል የሚደረጉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛውን «ተገልለሃል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው አስፈላጊ ነው፤ ግን በደጅ ያለውን ብቻ መጠየቅ ነው። ቤቱም ሊጠየቅ ይገባዋል። ማን ከማን ጋራ ይበላል? ነገሩን ማን ያውቃል፤ ማንስ እንዳያውቅ ተደርጓል? ለልጆቹ ምን ተነገራቸው? ሕመምተኛውን የሚያስታምመው ማን ነው፤ እርሱንስ ማን ያሳርፈዋል? ቤቱ የሚፈራው በሽታውን ነው ወይስ የጎረቤትን ቃል? እነዚህ ጥያቄዎች በብዙ ጥንቃቄ የሚጠየቁ ናቸው። ጠያቂው በገባበት ቤት ጎረቤት የሚጠረጥር ከሆነ ጥናቱ ራሱ ሌላ ነውር ይሆናልና።

እዚህ ላይ አንድ አሳብ ልንጨምር እንወዳለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌ በዘመናችን የትምህርት መፈክር ሆኖ ነበር። ለሐኪም ሲሆን እውነት ነው፤ ለሰው ሁሉ ሲሆን ግን ሸክሙን በሙሉ በሕመምተኛው ላይ ይጥላል። ሕመምተኛ የሚደብቀው ሲናገር የሚሆነውን ስለሚያውቅ ነው፤ መደበቁ አንዳንድ ጊዜ ብቸኛ መጠጊያው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ለምን አልተናገርህም?» ተብሎ ሕመምተኛው ሳይሆን፣ «ቢናገር ምን ታደርጉት ነበር?» ተብሎ ቤቱ ነው።

በገድሉ መጨረሻ ቤቱ እውነቱን የሰማው ከተጻፈ ወረቀት ነው፤ ለቅሶውም የተሰማው ሰሚው ከሞተ በኋላ ነው። ትረካው ለጻድቁ ይህን እንደ ክብር ይቈጥርለታል፤ ለቤቱ ግን ከዚህ የከበደ ቅጣት የለም። ሥጋ ደዌ በሚድንበት፣ ኤች አይ ቪ ያለበትም ሰው በጤና ሽበት እስኪያወጣ በሚኖርበት ዘመን፣ ወረቀቱ እስኪነበብ የሚጠብቅ ቤት «አላወቅሁም» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም።